ልጅዎ «የመኪናዬን ፍሬን ቀይ ልቀባ» ሲል

ከጻሃል የተሰናበተ ልጅ የመሰናበቻ ገንዘቡን ይዞ አሥር ዓመት የሮጠች መኪና ይገዛል። መጀመሪያ ያጥባታል፤ ወንበሩን ይጠርጋል፤ መስተዋቱን ይወለውላል። ሁሉም አልቆ ራቅ ብሎ ሲያያት ዓይኑ ጎማው ላይ ያርፋል። በቸርኬው ክፍተት ውስጥ ዝገት ያለበሰው ቡናማ ብረት ይታየዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው አንድ ብቻ ይሆናል። «ካሊፐሩን ቀይ ልቀባው ነው።»

እናት ትጠይቃለች፤ «ካሊፐር ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፍሬኑ ነው እማዬ። ቀላል ነገር ነው፤ ዓርብ ጠዋት እዚሁ ታች ፓርኪንግ ላይ እጨርሰዋለሁ።»

እናትየው ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ፍሬን» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። አባትም ዝም ብሎ ቡናውን ይጠጣል እንጂ ልቡ አልተረጋጋም። ልጁን «ተው» ቢለው እንደማይሰማ ያውቃል፤ «ሥራ» እንዳይለው ደግሞ ነገሩን አያውቀውም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእነዚህ ወላጆች ነው። ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር፤ ካሊፐር መቀባት ጥንቃቄ ያለው ልጅ በቤቱ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ፍሬን መፍታት ግን ሌላ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር የሚያውቅ ወላጅ ልጁን ከልክሎ ከሚያስኮርፍ፣ አጠገቡ ቆሞ ትክክለኛውን ጥያቄ ቢጠይቀው ይሻላል።

ካሊፐር ምንድን ነው?

በአገር ቤት ብረት ሠሪ አባት ወይም አያት የነበራችሁ ሰዎች ጉጠትን ታውቃላችሁ። የጋለውን ብረት ከሁለት ወገን ቆንጥጦ የሚይዘው ያ ጉጠት ነው። ካሊፐርም የመኪና ጉጠት ነው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር አንድ ክብ የብረት ሳህን አለ፤ ይህ ዲስክ ይባላል። እዚህ አገር ሙሳኽ ውስጥ «ጻላሖት» ሲሉ የሚሰሙት እሱን ነው። ከዲስኩ ግራና ቀኝ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ተቀምጠዋል፤ እነሱን ደግሞ «ረፊዶት» ይሏቸዋል። ካሊፐሩ ሁለቱን ሸራዎች አቅፎ የያዘው ወፍራም ብረት ነው።

እግርዎ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬኑ ዘይት በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ እስከ ጎማው ይደርሳል። እዚያ ካሊፐሩ ሆድ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ዲስኩ ላይ ይጫነዋል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ፒስተኑ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላኛው ሸራም እንዲጫን ካሊፐሩ ራሱ ቅባት በተቀቡ ሁለት ዘንጎች ላይ ትንሽ ወዲህና ወዲያ መንሸራተት አለበት። ይህችን መንሸራተት በልብዎ ያዙልኝ፤ በኋላ የምነግርዎ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው።

ሸራው ዲስኩን ሲይዝ የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከኢየሩሳሌም በመንገድ ቁጥር 1 ቁልቁል እየወረደ ፍሬኑን ደጋግሞ የሚረግጥ ሰው ዲስኩን በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሊያግለው ይችላል። ካሊፐሩ እንደ ዲስኩ ባይግልም ከዚያ ሙቀት ድርሻውን ያገኛል። ለዚህ ነው ለቤት በር ወይም ለብስክሌት የሚሆን ተራ ስፕሬይ እዚያ ላይ የማይበረክተው። ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

ቀለሙ ምን ይጠቅማል?

ቀይ ቀለም መኪናን ቶሎ አያቆምም። ልጅዎ «የእሽቅድምድም መኪና ፍሬን እንዲህ ነው» ቢልዎ፣ እነዚያ መኪኖች የሚቆሙት በትልቁ ካሊፐራቸውና በሰፊው ዲስካቸው እንጂ በቀለሙ አይደለም። ቀለሙ የሚሰጠው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው መልክ ነው፣ ሁለተኛው ዝገትን ማዘግየት ነው። የመጀመሪያው ለወጣት ልጅ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ሁላችንም ወጣት ስለነበርን እናውቃለን። ሁለተኛው በባሕር ዳር ከተሞች፣ በነታንያ፣ በአሽዶድ፣ በአሽከሎን፣ በሐይፋ ለሚኖር ሰው ትርጉም አለው፤ ጨው ያለው አየር ብረት ይበላል። ያም ሆኖ በካሊፐሩ ላይ ላይኛው የሚታየው ቡናማ ዝገት ብቻውን አደጋ አይደለም። ብረቱ ወፍራም ነው፤ ዝገቱ ቆዳው ላይ ነው። ስለዚህ «ዝጓልና ካልቀባሁት ፍሬኑ ይበላሻል» የሚል ክርክር ቢመጣ አይቀበሉት።

የት፣ በየትኛው ቀን?

በዓርብ ጠዋት አይጀመር። ይህን የምለው በቀልድ አይደለም። አራት ጎማ በወጉ አጽድቶ፣ ሸፍኖ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀብቶ ማድረቅ ለጀማሪ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። ሰንበት ሲቃረብ እጅ ይቸኩላል፤ የቸኮለ እጅ ደግሞ ቡሎን ሳያጠብቅ ይተዋል። ልጁ ማታውኑ መንዳት የማያስፈልገው ቀን ይምረጥ። ከሁሉ የሚሻለው አንድ ቀን የፊቱን ሁለት፣ ሌላ ቀን የኋላውን ሁለት መሥራት ነው።

ቦታው ሜዳ መሆን አለበት። ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ሕንፃዎች ፓርኪንግ ለዝናብ ውኃ ተብሎ ዘንበል ያለ ነው፤ በዓይን የማይታይ ዘንበል ማለትም መኪናን ከክሪክ ላይ ሊያንሸራትት ይበቃል። አንድ ኳስ ወይም ብርቱካን መሬት ላይ ያስቀምጡ፤ ከተንከባለለ ሌላ ቦታ ይፈለግ። በበጋ ደግሞ አስፋልቱ ይለሰልሳል። የክሪኩ እግር እየሰመጠ እንዳይሄድ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ ይደረጋል።

ፀሐዩን ሸሽቶ ሚክላት ውስጥ ወይም ከምድር በታች ባለ ፓርኪንግ ልሥራ ካለ ግን ይከልክሉት። የፍሬን ማጽጃው ስፕሬይና ቀለሙ የሚያወጡት ጭስ ራስ ያዞራል፤ በቀላሉም ይቀጣጠላል። አንዳንዱ ማጽጃ እሳት ወይም የጋለ ብረት ሲያገኘው መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ነፋሻ ጥላ ያለበት ደጅ ይሻላል፤ አጠገቡም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይቁም። መሬት ላይ ካርቶን ቢነጠፍ ከቫዓድ ሃባይት ጋር ከሚመጣው ጭቅጭቅም ያድናል፤ በግቢ ድንጋይ ላይ የፈሰሰ ቀይ ቀለም በቀላሉ አይለቅም። ሻራቭ ያለበት ቀን ከሆነ ይቅር፤ አቧራው ርጥቡ ቀለም ላይ ይለጠፋል፣ ሙቀቱም ቀለሙን ሳይተኛ ያደርቀዋል።

ወላጅ ቆሞ ሊያየው የሚገባው ደረጃ

ከሥራው ሁሉ እውነተኛ የሞት አደጋ ያለበት መኪናዋ የምትነሳበት ደረጃ ነው። ሌላው ስሕተት ይስተካከላል፤ ይህ አይስተካከልም። እርስዎ ስለ ፍሬን ምንም ባያውቁ እንኳ የሚከተለውን ቆመው ማየት ይችላሉ።

የጎማው ቡሎኖች ትንሽ የሚላሉት መኪናዋ ገና መሬት ላይ ሳለች ነው። ተነሥታ ሳለ በኃይል መታገል ይገፋታል። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ማርሹ ይገባል፤ አውቶማቲክ ከሆነች «ፒ» ላይ ትሁን። ከዚያ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች በፊትም በኋላም ድንጋይ ወይም የእንጨት ሽብልቅ ይደረግላቸው። በአብዛኞቹ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ ስለዚህ የኋላው ሲነሣ የፊቶቹ በሽብልቅ መያዛቸው ግድ ነው።

ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ትንሹ ክሪክ የተሠራው ጎማ እስኪቀየር ድረስ ብቻ ነው። ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ እጁን ከጎማው ቤት ውስጥ ከቶ ሊሠራ ከሆነ፣ በመኪና ዕቃ ሱቆች የሚሸጠው የብረት መደገፊያ በትክክለኛው ቦታ ከሥሯ መግባት አለበት። ቦታው በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ በሥዕል ተመልክቷል። የተፈታው ጎማም ከመኪናዋ ጎን ሥር ይጋደም፤ አይበለውና ብትወድቅ በጎማው ላይ ታርፋለች። ልጁ መደገፊያውን ሳያስገባ እጁን ሲሰድ ካዩት እዚያው ያስቁሙት። ወላጅ የመጣው ለዚህ ነው።

እኔ እንደማስበው ብዙ ወላጆች የሚፈሩት ቀለሙን ነው። መፍራት የነበረባቸው ክሪኩን ነው።

ማጽዳት

ከሠላሳ ዓመት በፊት ድስትና ማረሻ ያደሰ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በቆሻሻ ላይ የተቀባ ነገር አይይዝም። የሥራው ሦስት እጅ ማጽዳት ነው፣ መቀባቱ አንድ እጅ ነው። መጀመሪያ ብረቱ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በብረት ብሩሽ ዝገቱና የተጋገረው ጥቁር አቧራ ይፋቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፤ በመጨረሻ በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ቅባቱ ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ የእጅ ወዝ እንኳ ቀለሙን ያስለቅቃል።

ያ ጥቁር አቧራ ከሸራው የሚፈጨው ነውና አይተነፈስ። በአየር መንፊያ እየነፉ ማብነን የድሮ መካኒኮች ልማድ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። በስፕሬይ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ብሩሹም የጎማ ሽፋኖችንና ቱቦውን እንዳይቧጭር ልጁ ይጠንቀቅ።

የማይቀባው

አሁን ወደዚያች መንሸራተት ልመለስ። ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ ይህንኑ ሥራ ሠራ። እኔም ባትሪ ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ዲስኩን በጋዜጣና በፕላስተር አሳምሮ ሸፈነ። ከዚያ «ሸራውን ላየው» ብሎ አወጣው፤ ሳይመልሰው ስፕሬዩን ረጨ። ሲደርቅ አማረ፤ ጎረቤት ሁሉ አየው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። እጄን ወደ ቀኙ የፊት ጎማ ሳቀርብ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ የግራው ለብ ብሏል።

ሙሳኽ ስንወስደው ባለሙያው ፈታና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አደረገ። የሸራው ጆሮዎች የሚንሸራተቱባት ጠባብ ቦታ በቀለም ተደፍናለች። ሸራው ፍሬን ሲያዝ ይገባል፤ ሲለቀቅ ግን አይመለስም። ያ ጎማ ቀኑን ሙሉ ፍሬን እንደያዘ ይሮጥ ነበር። ባለሙያው ቀለሙን ፋቀው፣ ሸራዎቹን ቀየረ፤ ዲስኩ በዕድል ተረፈ። ዘግይተን ቢሆን ኖሮ ዲስኩም ይጠመም፣ ዘይቱም ፈልቶ ፔዳሉ ከእግር ሥር ሊጠፋ ይችል ነበር።

ስለዚህ የሚቀባው በውጭ የሚታየው የካሊፐሩ ጀርባ ብቻ ነው። ዲስኩና ሸራው ቀለም አይነካቸውም፤ ፍሬኑ የሚይዘው በእነሱ መፋተግ ነውና። ፒስተኑ፣ በዙሪያው ያለው የጎማ ሽፋን፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎችና የጎማ ልብሳቸው፣ የዘይቱ ቱቦ፣ አየር የሚወጣባት ትንሽ ቡሎን፣ የኤቢኤስ ሽቦና ሴንሰር፣ ጎማው ገጥሞ የሚቀመጥበት ፊት፣ ሁሉም በፕላስተር ይሸፈኑ ወይም አይነኩ። ለዚህ ነው ከስፕሬይ ይልቅ በብሩሽ የሚቀባውን ዓይነት የምመርጠው። ስፕሬይ ቸኩሎ የትም ይገባል፤ ብሩሽ እጅ የመራው ቦታ ብቻ ይሄዳል።

ካሊፐሩም ከቦታው ሳይነሣ ይቀባ። አውርደው ሲቀቡት ሥራው ያምራል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን ያ የባለሙያ ሥራ ነው። የዘይቱ ቱቦ ከተፈታ አየር ይገባል፣ ፔዳሉም ስፖንጅ ይሆናል፤ አየሩ በወጉ ካልወጣ መኪናዋ አትቆምም። ካሊፐሩ ቡሎኑ ተፈትቶ በቱቦው ላይ ከተንጠለጠለም ቱቦው ከውስጥ ይጎዳል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ነው፤ ከኋላ ካሊፐር ላይ ትንሽ ሞተር አለ፤ ያለ መመሪያው ከተነካካ ይሰበራል። ልጅዎን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፤ «ቱቦውን ትፈታለህ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ሥራው የሙሳኽ ነው።

ቀለሙና አቀባቡ

በጣሳው ላይ ለካሊፐር ወይም ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ መሆኑና የሚችለው ዲግሪ ተጽፎ ማየት አለብዎ። ከ200 ዲግሪ በታች የሚል ከሆነ ይለፉት። አንዳንዱ ሁለት ጣሳ ሆኖ የሚሸጥ ነው፤ አንዱ ቀለም፣ ሌላው ማጠንከሪያ። ከተደባለቀ በኋላ ሳይጠነክር ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ያገለግላልና ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ይደባለቅ። በጣሳው ላይ ያለውን መመሪያ ማንበብ ለልጁ ይተዉለት፤ ዕብራይስጡ ለእሱ ይቀለዋል። ግን ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። ሳያነብ እንደሚሠራ የምናውቀው ነው።

ቀጭን አድርጎ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መቀባት፣ በየመካከሉ ጣሳው የሚለውን ያህል መጠበቅ ነው። አንዴ አወፍራለሁ ያለ ሰው ቀለሙ እንደ እንባ ይወርድበታል። ከመጨረሻው በኋላ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ሳይነዳ ቢቆይ ይመረጣል። የፍሬን ዘይትም ቀለም ይልጣል፤ ጠብታ ከነካው ወዲያው ይታጠብ።

ከኋላ ብዙ ትናንሽ መኪኖች ዲስክ የላቸውም፤ ከበሮ የሚመስል ዝግ ፍሬን ነው ያላቸው። የከበሮውን ውጫዊ ፊት መቀባት ይቻላል፤ መክፈት ግን አያስፈልግም።

ጎማው ሲመለስ

ቡሎኖቹ በእጅ ተጀምረው በመስቀለኛ መንገድ፣ አንዱን ከጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱን እያደረገ ይጠብቁ። መኪናዋ መሬት ከነካች በኋላ ደግሞ የኃይል መለኪያ ባለው መፍቻ፣ በዕብራይስጥ «ማፍቴያሕ ሞመንት» በሚሉት፣ በመጽሐፉ ላይ በተጻፈው መጠን ይጨረስ። በእግር ረግጦ ማጥበቅ ቡሎኑን ይለጥጠዋል፤ ማላላቱ ደግሞ የከፋ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይለካ።

ሞተሩ ሳይነሣ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጥ፤ ጠንካራ እስኪሆን ድረስ። እግር እስከ ታች ከገባ፣ ወይም ሲረግጡት ቀስ እያለ ከወረደ፣ መኪናዋ ካለችበት አትንቀሳቀስ፤ ግራር ይጠራ። ጠንካራ ከሆነ በባዶ ሜዳ ላይ በእግር መንገድ ፍጥነት ጥቂት ጊዜ ፍሬን ይሞከር። ከዚያ አጭር ጉዞ ተጉዞ ሲመለስ እጅ ሳይነካ ወደ አራቱም ጎማ ይቅረብ። አንዱ ከአቻው ይልቅ ከጋለ የወንድሜ ልጅ ታሪክ እየተደገመ ነው።

ጎማው ወልቆ ሳለ

ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ቀለሙ ሳይሆን ይህ ነው። ብዙ ሰው የፍሬኑን ነገር በዓይኑ የሚያየው ጎማ ሲወልቅ ብቻ ነው። የሸራውን ውፍረት ይመልከቱ፤ አዲስ ሸራ ሲገባ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። ከውስጥ ያለውም ሸራ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። የዲስኩ ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ ከንፈር አውጥቷል? ቱቦው ተሰነጣጥቋል? የጎማ ሽፋኑ ተቀዷል? በካሊፐሩ ዙሪያ ርጥበት ካለ ዘይት እየፈሰሰ ነው፤ እዚያ ላይ ቀለም መቀባት ቁስልን በሻሽ መሸፈን ነውና ቀለሙ ይቅር፣ ሙሳኽ ይሂድ። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረም ይጠየቅ። ዘይቱ ከአየር ርጥበት ይጠጣል፤ ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር ያዛሉ።

በቴስት ጣቢያ ፍሬኑ የሚፈተነው በሮለር ላይ ነው፤ የግራውና የቀኙ ጎማ የመያዝ ኃይል ይነጻጸራል። ማሽኑ ቀለም አያይም። በቀለም የተጣበቀ ሸራ ግን ያገኘዋል።

ሙሳኽ ይቅባልኝ ካሉ

ጊዜውም ቦታውም ለሌለው ይህ መንገድ አለ። ሸራ ወይም ዲስክ ለማስቀየር በሚገባበት ቀን አብሮ ቢቀባ ጎማው አንዴ ስለወለቀ ዋጋው ይቀንሳል። ሙሳኹ የሚስራድ ሃታሕቡራ ፈቃድ እንዳለው ግድግዳው ላይ ይመልከቱ። ዋጋውን ከሥራው በፊት በጽሑፍ፣ ቀለሙን ለብቻ፣ ፍሬኑን ለብቻ ያስጽፉ። የተቀየሩትን አሮጌ ሸራዎች «ስጡኝ» ይበሉ። ሔሽቦኒት ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ያለ እሱ ነገ የሚከራከሩበት ነገር የለዎትም።

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ይህን ቀለም በጥርጣሬ ይዩት። አዲስ ቀይ ካሊፐር ያለባት መኪና ባለቤቷ ይንከባከባት ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሹን ጠርጎ ቀባው ማለትም ሊሆን ይችላል። ዲስኩ አልቆ፣ ሸራው ተመናምኖ ካሊፐሩ ብቻ የሚያበራ ከሆነ ገንዘቡ የዋለው ለዓይን ነው። ከመግዛት በፊት ወደ ገለልተኛ የመፈተሻ ጣቢያ ይውሰዷት። በካሊፐር ላይ ተለጥፎ ትልቅ የሚያስመስል የፕላስቲክ ሽፋንም በርካሽ ይሸጣል። እሱን አልመክርም፤ ሙቀት ያፍናል፣ ሲላላም ከቸርኬው ጋር ይጋጫል።

እጁ ለዚህ ሥራ ከሆነ

አንዳንዱ ልጅ ቀለሙን ቀብቶ ይረሳዋል። ሌላው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚያወራው ስለ ፒስተንና ስለ ዘይት ይሆናል፤ ይህኛው ሙያ ሊሆነው ይችላል። የተሰናበተ ወታደር ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለው። «ማዓናክ» የሚባለው ከተሰናበተ በኋላ ወደ ባንክ ሒሳቡ ይገባል፤ በፈለገው ያጠፋዋል፤ መኪናዋም የተገዛችው በእሱ ይሆናል። «ፒካዶን» የሚባለው ግን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለተወሰኑ ነገሮች ብቻ የሚወጣ ነው፤ ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ንግድ ለመክፈት፣ ቤት ለመግዛት፣ ለጋብቻ። ለቸርኬና ለቀለም አይወጣም፤ ለመኪና መካኒክነት ወይም ለመኪና ኤሌክትሪክ ኮርስ ግን ይወጣል፤ ኮርሱ የታወቀ ከሆነ።

ኮርስ የሚሸጠው ብዙ ስለሆነ ከመፈረም በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ያስመልሱ። አንደኛ፣ ሲጨርስ የሚያገኘው ወረቀት መንግሥት የሚያውቀው የሙያ ማረጋገጫ ነው ወይስ የትምህርት ቤቱ ብቻ? ሁለተኛ፣ ተግባራዊ ልምምዱ በየትኛው ሙሳኽ ነው፣ ስንት ሰዓትስ ነው? በሠራዊቱ ውስጥ በተሽከርካሪ ጥገና ያገለገለ ልጅ ከሆነም የአገልግሎት ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፤ ከኮርሱ የተወሰነው ሊታሰብለት ይችል እንደሆነ ክፍያው ሳይፈጸም ይጠይቅ። የወንድሜ ልጅ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስልክ ላይ ጠይቆ መልሱ ሲንተባተብበት ሌላ ቦታ ተመዘገበ። አሁን ሁለተኛ ወሩ ነው፤ ያንን የቀኝ ካሊፐርም በመምህሩ ፊት ፈትቶ፣ ሸራው የሚንሸራተትበትን ቦታ ሸፍኖ እንደገና ቀብቶታል።